ንብና ሌሎች ጠቃሚ ነፍሳትን ወደ ጓሮ መሳብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች በግቢያቸው ጥቂት መደብ አትክልት፣ ሁለት ሦስት የፍራፍሬ ዛፍ ወይም በረንዳ ላይ የተደረደሩ ባልዲዎች ካሏቸው ሰዎች የሚመጡ ናቸው። መልሶቹ በዋናነት የአዲስ አበባን፣ የባሕር ዳርን፣ የሐዋሳንና መሰል የደጋና የወይና ደጋ ከተሞችን አየር መሠረት ያደርጋሉ፤ ቆላው የሚለይበት ቦታ ላይ እንጠቅሳለን። ብዙ ሰው የሚጀምረው «ምን ልግዛ?» ብሎ ነው። ጠቃሚዎቹ ነፍሳት ግን በሰፈሩ አሉ። የሚያባርራቸው ከልክ ያለፈ ጽዳታችንና የምንረጨው መድኃኒት ስለሆነ፣ ከሚገዛው ይልቅ የሚተወው ይበዛል።

ዱባዬ በአበባ ተሞልቷል፤ ፍሬው ግን እንቁላል እንኳን ሳያክል ቢጫ ሆኖ ይረግፋል። ምን ጎደለው?

አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው ንብ ነው። ዱባ በአንድ ሐረግ ላይ ወንዴና ሴቴ አበባዎችን ለየብቻ ያወጣል። ወንዴው በቀጭንና ረጅም አገዳ ጫፍ ላይ ይቆማል። ሴቴዋ ደግሞ ገና ሳትከፈት ጀምሮ ከሥሯ ትንሽ ዱባ የመሰለች እብጠት ይዛ ትታያለች። የዱባ ብናኝ ከባድና የሚጣበቅ ስለሆነ ነፋስ አያነሣውም። ሴቴዋም የምትከፈተው ለአንድ ጠዋት ብቻ ነው፤ ንጋት ላይ ተከፍታ ቀትር ሳይደርስ ትጨማደዳለች። በእነዚያ ጥቂት ሰዓታት ንብ ደጋግማ ካልጎበኘቻት እብጠቷ ቢጫ ሆና ትወድቃለች። ጉብኝቱ ጥቂት ከሆነ ደግሞ ፍሬው በአንድ ጎኑ ሞልቶ በሌላው ይኮማተራል። ዝኩኒና ኪያር ላይም ጫፉ የቀጠነ ወይም የተጣመመ ፍሬ ሲያዩ መጀመሪያ ይህንኑ ይጠርጥሩ።

ከመደናገጥዎ በፊት ግን አበባዎቹን ይለዩ። ሐረጉ መጀመሪያ የሚያወጣው ወንዴ አበባ ብቻ መሆኑ የተለመደ ነው፤ ሴቴዎቹ ቆየት ብለው ይከተላሉ። ሴቴዎቹ መጥተውም ፍሬ የማይይዝ ከሆነ ለጊዜው በእጅዎ ሊያግዙ ይችላሉ። ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ በዕለቱ የተከፈተ ወንዴ አበባ ይቁረጡ፤ ዙሪያውን ያሉትን ቢጫ ቅጠሎች ገንጥለው ይጣሉና መሐል ላይ የቀረውን ዘንግ በሴቴዋ አበባ እምብርት ላይ ቀስ አድርገው ዙሪያውን ያሹ። በሐምሌና በነሐሴ ጠዋቱን ሙሉ ሲዘንብ ንብ ከቀፎዋ ስለማትወጣ፣ በዚያ ወቅት ብዙ ንብ ባለበት ሰፈር እንኳን ይህ ሥራ አይቀርም።

ሁሉም አትክልት ነፍሳት ያስፈልጉታል?

አያስፈልጉትም። ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ ካሮት፣ ድንችና ሽንኩርት የሚበላው ቅጠላቸው ወይም ከመሬት በታች ያለው ክፍላቸው ስለሆነ፣ ዘር እስካልፈለጉ ድረስ የንብ ነገር አያሳስብዎትም። ቲማቲምና ቃሪያ ራሳቸውን በራሳቸው ያዳቅላሉ፤ ነፋስ ሲወዘውዛቸውም ብናኙ ይረግፋል። ሆኖም የቲማቲም ብናኝ የተደበቀው ጫፉ ብቻ ቀዳዳ ባለው ቱቦ ውስጥ ነው። አበባውን ነክሰው ክንፋቸውን ሳይዘረጉ አካላቸውን የሚያንዘረዝሩ ንቦች አሉ፤ እነርሱ ሲመጡ ፍሬው ይከብዳል። የማር ንብ ይህን ማድረግ አትችልም። እንጨት እየቦረቦረ የሚያድረው ወፍራሙ ጥቁር ንብ ግን ይችላል። እሱ ከሌለ ረፋድ ላይ የቲማቲሙን ግንድ በጣትዎ መታ መታ ያድርጉት።

ኑግ ለብቻው ሊነገርለት ይገባል። አንድ የኑግ ተክል በራሱ ብናኝ ፍሬ መያዝ ስለማይችል ከጎረቤቱ የሚያመጣለት ነፍሳት የግድ ነው። ለዚህም ነው የኑግ ማሳ በጥቅምት በንብ ድምፅ የሚሞላው። ባቄላም ያለ ንብ የተወሰነ ቢይዝም ንብ ሲጎበኘው ይበልጥ ይይዛል።

አቮካዶ ደግሞ አስቸጋሪ ነው። እያንዳንዷ አበባ ሁለት ጊዜ ትከፈታለች፤ መጀመሪያ ሴቴ ሆና፣ ከተዘጋች በኋላ በማግሥቱ ወንዴ ሆና። ስለዚህ ነፍሳቱ ከአንዷ አበባ ወደ ሌላዋ ካላመላለሱ በስተቀር በሺህ የሚቆጠር አበባ ረግፎ ጥቂት ፍሬ ይቀራል። ሃስ የተባለው ዝርያ ጠዋት ሴቴ ሲሆን ፉዌርቴ ከሰዓት በኋላ ነው። በአንድ ሰፈር ሁለቱም ካሉ የአንዱ ወንዴ ሰዓት ከሌላው ሴቴ ሰዓት ጋር ይገጥማል። ግቢዎ ለሁለት ዛፍ ካልበቃ ጎረቤትዎ የትኛውን እንደተከለ ጠይቀው ሌላኛውን ይትከሉ።

ሥራውን የምትሠራው የማር ንብ ብቻ ናት?

ትልቁን ድርሻ የምትይዘው እሷ ናት፤ ኢትዮጵያ ከአፍሪካ አገሮች በማር ምርት ቀዳሚ የሆነችውም ያለ ምክንያት አይደለም። ግን ብቻዋን አይደለችም። ቀፎ የሌላቸው፣ ንግሥት የማያውቁ፣ እያንዳንዷ እናት ለብቻዋ ጎጆ የምትሠራ በርካታ የንብ ዓይነቶች አሉ። ከዓለም የንብ ዝርያዎች አብዛኞቹ መሬት ቆፍረው የሚያድሩ ናቸው።

ከመሬት ውስጥ ነዋሪዎች ሁላችንም በስም የምናውቃት ጣዝማ ናት። ጣዝማ እንደ ማር ንብ በኅብረት ትኖራለች፤ መናደፊያ የላትም። ማሯን ለመድኃኒት የሚፈልጋት ሰው ብዙ ነው። ችግሩ ማሩ የሚገኘው ጎጆዋ ተቆፍሮ ሲፈርስ መሆኑ ነው፤ ከዚያ በኋላ ኅብረቷ የሚተርፍበት ዕድል ጠባብ ነው። በግቢዎ ጥግ ትንንሽ ጥቁር ንቦች የሚገቡበትና የሚወጡበት ቀጭን ቀዳዳ ካዩ ዕድለኛ ነዎት፤ አካፋውን ያርቁ።

ከንብ ሌላ ዝንቦች፣ ቢራቢሮዎች፣ ማታ ማታ የእሳት እራቶች፣ ቀን ደግሞ ተርቦች ብናኝ ያሸጋግራሉ። ቀይና ቱቦ መሰል አበባ ያለው እሬት ላይ የምትንጠለጠለዋ ረጅም ምንቃር ያላት ወፍም የዚሁ ማኅበር አባል ናት። የማር ንብ ቀይ ቀለምን በደንብ ስለማታይ ቀዩን አበባ በአብዛኛው ለወፍ ትተዋለች። ወደ ሰማያዊ፣ ወደ ሐምራዊ፣ ወደ ቢጫና ወደ ነጭ ታዘነብላለች።

ታዲያ ምን ልትከል?

በመጀመሪያ ቀድሞ ያለዎትን እንዲያብብ ይፍቀዱለት። በአገራችን ጓሮ ውስጥ ትልቁ ብክነት በዚህ ላይ ነው። በሶብላ ጫፉ ሲያብብ ይቆረጣል፤ ጎመን ቢጫ አበባ ሲያሳይ «አረጀ» ተብሎ ይነቀላል፤ ድምብላል ነጭ ጥላውን ሳይዘረጋ ይታጨዳል። ከአሥር የጎመን እግር ሁለቱን ይተዉአቸው። ቁመታቸው ደረትዎ ላይ ደርሶ በቢጫ አበባ ሲሞሉ ንቧም፣ ዝንቡም፣ ተርቡም ይመጣል፤ በመጨረሻም ለሚቀጥለው ዓመት ዘር ያገኛሉ።

ሁለተኛው ነገር ወቅቱን ማሰብ ነው። ከመስከረም እስከ ኅዳር ምንም አይጨነቁ። አደይ አበባው፣ ሜጩ፣ ኑጉ፣ የመንገድ ዳሩ ሁሉ አበባ ነው፤ የዓመቱ ዋናው ማር የሚቆረጠውም ከዚህ በኋላ ነው። ንብ የምትራበው በሁለት ጊዜ ነው፤ በረጅሙ በጋ፣ ከገና እስከ በልግ ዝናብ ባለው ጊዜ፣ እና ብርድና ዝናብ በሚበረታበት በክረምቱ እምብርት። ጓሮዎ ዋጋ የሚኖረው በእነዚህ ክፍተቶች አበባ ሲያቀርብ ነው።

ለበጋው ግራዋ ግሩም ነው። ጋን የሚታጠብበት ያው ግራዋ በበጋ ነጫጭ አበባውን ሲያወጣ ንብ ከሩቅ ትጠራለች፤ ግን አጥር አድርገው የሚተክሉት ሰዎች በየጊዜው ስለሚከረክሙት ሲያብብ የማየት ዕድል አይሰጡትም። ቢያንስ አንዱን ጥግ ሳይከረከም ይተዉት። ለክረምቱ ብዙ ምርጫ የለም። የጥብስ ቅጠል የምንለው ሮዝመሪ ብርዱንም ዝናቡንም ችሎ ጥቂት ጥቂት ሰማያዊ አበባ ማውጣቱን አያቋርጥም፤ ውሃ የማይቋጥር ከፍ ያለ ቦታ ብቻ ይስጡት። በእነዚህ መካከል በየሦስት ሳምንቱ እፍኝ ድምብላል መዝራት ክፍተቱን ይሞላል።

ሦስተኛው፣ ለጥቃቅኖቹ ማሰብ ነው። ተባይ የሚያጠፉት ትንንሽ ተርቦችና አንዣባቢ ዝንቦች አፋቸው አጭር ስለሆነ ጥልቅ አበባ ውስጥ መድረስ አይችሉም። ለእነርሱ የሚሆነው እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ፣ በጥቃቅን አበባዎች የተሞላ ዓይነት ነው፤ ድምብላል፣ እንስላል፣ ነጭ አዝሙድ፣ ወይም ሳይነቀል የቆየ ካሮት። ጦስኝና ኮሰረትም በዚህ መደብ ጥሩ ስም አላቸው። ጌሾ ካለዎት አበባው ለዓይን አይሞላም እንጂ ንብ ትወደዋለች።

ዘሩን ከየት አገኛለሁ?

ከቅመም ተራ። ያልተቆላና ያልተፈጨ ድምብላል፣ ነጭ አዝሙድ፣ ጥቁር አዝሙድና ሱፍ ከገበያ ተገዝቶ ቢዘራ አብዛኛው ይበቅላል፤ ከታሸገ የውጭ ዘር ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ከምንም አይቆጠርም። ድምብላሉን በሁለት መዳፍዎ መካከል አሽተው ለሁለት እንዲከፈል ያድርጉ፤ እያንዳንዱ ድቡልቡል ፍሬ ሁለት ዘር ይዟል። አደይ አበባን ግን ገበያ አይፈልጉት። የግቢዎን አንድ ክፍል ሣር ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ አይጨዱ፤ በሰፈሩ ካለች ዘሯ እየወደቀ ከዓመት ዓመት ይበዛል።

ግቢዬ በጽጌረዳ የተሞላ ነው፤ ንብ ግን ዝር አትልም። ለምን?

ጽጌረዳዎ ምናልባት ቅጠል በቅጠል ላይ የተደራረበባት፣ ለዕቅፍ አበባ የተፈጠረችው ዓይነት ትሆናለች። በእንዲህ ዓይነቶቹ አበባዎች ብናኝ የሚያወጡት ክፍሎች በሰው ምርጫ ወደ ቅጠልነት ተለውጠዋል። ቀሪው ብናኝ ካለም በድርብርቡ ውስጥ ስለተቀበረ ንብ አትደርስበትም። ለዓይን ድግስ ናት፤ ለንብ ባዶ ሌማት። መሐሏ ቢጫ ሆኖ የሚታይ ነጠላ ጽጌረዳ አንዷን ከጎኗ ቢተክሉ ልዩነቱን ራስዎ ያዩታል። የጸዳ የፈረንጅ ሣር መስክም እንዲሁ ነው። በውስጡ የዱር ማገጥ እንዳይበቅል እየተለቀመ የሚቆይ ከሆነ ከሲሚንቶ አይሻልም።

ጎመኔን ክሽክሽ ይዞታል። ልርጭ?

ገና አይርጩ። መጀመሪያ ቅጠሉን ገልብጠው ፀሐይ ላይ በደንብ ይመልከቱ።

ግራጫ ዱቄት የተነሰነሰባቸው፣ ተጠጋግተው የተቀመጡት ክሽክሾች ናቸው። በመካከላቸው ግን ከሌሎቹ የተለዩ አንዳንዶች አሉ፤ ሆዳቸው እንደ ዳጉሳ ቅንጣት የተነፋ፣ ቀለማቸው ወደ ቡናማ የተለወጠ፣ የማይንቀሳቀሱ። በሣር ጫፍ ቢነኳቸው ደርቀው እንደ ወረቀት ሆነዋል። ከእነዚህ በአንዳንዶቹ ጀርባ ላይ በመርፌ የተበሳ የመሰለ ፍጹም ክብ ቀዳዳ አለ። በዚያ ቀዳዳ የወጣችው ከጤፍ ብዙም የማትበልጥ ጥቁር ተርብ ናት። እናቷ በሕይወት ባለው ክሽክሽ ውስጥ አንድ እንቁላል ጥላ ሄዳለች፤ ከእንቁላሉ የተፈለፈለው እጭ ከውስጥ እየበላ አድጎ፣ ቆዳውን ቤት አድርጎ፣ በመጨረሻ ጣሪያውን ቆርጦ ወጣ። ሰው አትናደፍም፤ ልትናደፍ ብትሞክርም አያውቋትም። ከአንድ ቅጠል ላይ እንዲህ ያሉ ደረቅ ቅርፊቶች ጥቂት ካዩ፣ ዛሬ ቢረጩ የሚገድሉት ሥራውን የጀመረላችሁን ሠራተኛ ነው።

በዚያው ቅጠል ላይ ሌላ የሚያስደነግጥ ፍጥረት ሊያጋጥምዎ ይችላል፤ ጥቁር ግራጫ፣ ረዘም ያለ፣ ስድስት እግር ያለው፣ ጎኑ ላይ ብርቱካናማ ነጥብ የጣለበት። ብዙ ሰው ተባይ መስሎት በጣቱ ይጨፈልቀዋል። እሱ ቀይ ሆና ጥቁር ነጠብጣብ ያለባት፣ ልጆች በእጃቸው ላይ የሚያስኬዷት ጥንዚዛ ልጅ ነው። እናቱ በቀን በደርዘን የሚቆጠር ክሽክሽ ትበላለች፤ እሱም አይተናነስም። ቅጠሉ ሥር ተደርድረው የቆሙ ቢጫ እንቁላሎችም የእሷ ሊሆኑ ይችላሉ። አረንጓዴ ወይም ቡናማ፣ እግርና ራስ የማይለይለት፣ እየተሳበ በክሽክሾቹ መካከል የሚሄድ ትል ካዩም አይግደሉት። የአንዣባቢዋ ዝንብ እጭ ነው፤ እስኪያድግ ድረስ በመቶ የሚቆጠር ክሽክሽ ይጨርሳል። አዋቂዋ ቢጫና ጥቁር ሽንትር ስላላት ሰው ተርብ መስላው ይሸሻታል። አየር ላይ አንድ ቦታ ቆማ ስታንዣብብ ያውቋታል፤ መናደፊያ የላትም።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል። ክሽክሽ ቀድሞ ይራባል፤ አዳኞቹ ሁለት ሦስት ሳምንት ዘግይተው ይደርሳሉ። ያንን ክፍተት መታገሥ ያቃተው ሰው ነው ወደ መርጫ የሚሄደው። እስከዚያው ድረስ ክፉኛ የተያዙትን ቅጠሎች ቆርጠው ያስወግዱ፤ የቀረውን በጠንካራ የውሃ ግፊት ይጠቡ።

ጉንዳኖች በክሽክሹ ላይ ይመላለሳሉ። እየበሉት ነው?

እየጠበቁት ነው። ክሽክሽ የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ይልሳሉ፤ በምላሹ ጥንዚዛዋንና ተርቧን ያባርራሉ። በሎሚና በብርቱካን ዛፍ ላይ ይህ በጣም የተለመደ ነው። ግንዱ ላይ በጨርቅ ወይም በፕላስቲክ ጠምዝዘው የሚጣበቅ ቅባት ይቀቡት፤ ቅባቱ ቅርፊቱን በቀጥታ እንዳይነካ። አጥር ወይም ግድግዳ የሚነካ ቅርንጫፍ ካለም ይቁረጡት፤ አለበለዚያ በዚያ በኩል ይሻገራሉ።

መርጨት ግድ ቢሆንስ?

በቅድሚያ የሳሙና ውሃ። በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና በቂ ነው፤ ከበዛ ቅጠሉን ያቃጥላል። የሚሠራው የነካውን ብቻ ስለሆነ ቅጠሉ ሥር እንዲደርስ ያድርጉ። ከደረቀ በኋላ ለሚመጣ ንብ ጉዳት የለውም። ኒምም ይረዳል፤ ግን «ተፈጥሯዊ ነው» ተብሎ በአበባ ላይ የሚረጭ አይደለም።

ከሱቅ የሚገዛውን ኬሚካል በተመለከተ ግልጽ ልሁን። ለቤት ጓሮ በጭራሽ አልመክረውም። በየገበያው በትንንሽ ጠርሙስ እየተቀዳ፣ ስሙ ሳይጻፍበት የሚሸጠውን ደግሞ በእጅዎም አይያዙ፤ ምን እንደሆነና መጠኑ ስንት እንደሆነ የሻጩም ግምት ነው። ማላቲዮን ለንብ እጅግ መርዛማ ነው። እንደ ላምዳ ሳይሃሎትሪን ያሉትም እንዲሁ። ተባዩን ሲገድሉ አዳኙንም ይገድላሉ፤ ከዚያ ቀድሞ የሚያንሰራራው ተባዩ ነው፤ በፍጥነት ይራባልና። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከመጀመሪያው የባሰ ክሽክሽ አይተው እንደገና መርጫ የሚያነሡት ለዚህ ነው። የአሜሪካ መጤ ተምች እ.ኤ.አ. በ2017 አገራችን ከገባ ወዲህ በበቆሎ ላይ መርጨት ተስፋፍቷል። በጓሮ ላሉ አሥርና ሃያ የበቆሎ እግሮች ግን በጠዋት እየዞሩ እንቁላሉንና ትሉን በእጅ መልቀም ይቻላል።

የሚረጩት ነገር ምንም ይሁን ምን፣ ባበበ ተክል ላይ አይርጩ፤ ሰዓቱም ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ፣ ንብ ወደ ቤቷ ስትገባ ይሁን። ጎረቤትዎ ቀፎ ካለው አስቀድመው ይንገሩት። የማር ንብ ሦስት ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ርቃ ስለምትሠራ የእርስዎ አጥር ለእሷ አጥር አይደለም።

የጽጌረዳዬ ቅጠል በመቀስ የተቆረጠ ይመስል ዳሩ ክብ ክብ እየሆነ ጎድሏል። በሽታ ነው?

በሽታም ተባይም አይደለም። ቅጠል ቆራጭ ንብ ወስዳው ነው። ቁራጩን በሆዷ ሥር ጠቅልላ ወደ ጎጆዋ ትበራለች፤ በሸምበቆ ውስጥ ወይም በግድግዳ ስንጥቅ ለእንቁላሎቿ ክፍል በክፍል ታነጥፍበታለች። ተክሉ አይጎዳም። ይልቅ ይህችን ንብ ማስተናገድ ቀላል ነው። ሸምበቆ በአንድ በኩል አንጓው እንዲዘጋው አድርገው በ15 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይቁረጡ፤ ሃያ ሠላሳውን አስረው ጠዋት ፀሐይ በሚያገኝበት፣ ዝናብ በማይደርስበት የጣሪያ ክፈፍ ሥር በአግድመት ይስቀሉት። የቀዳዳው ስፋት ከ4 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ቢለያይ የተለያዩ ዓይነቶች ይገቡበታል። አፉ በጭቃ ወይም በቅጠል ተደፍኖ ካዩት ተከራይ አግኝቷል።

መሬት ቆፍረው ለሚያድሩት ደግሞ የሚያስፈልገው ባዶ መሬት ነው። ሁለት ክንድ የሚሆን ፀሐያማ ጥግ ሳይቆፈር፣ ሲሚንቶ ሳይለብስ፣ ኮብልስቶን ሳይነጠፍበት ይቅር። ግቢን ከዳር እስከ ዳር ማንጠፍ ፋሽን ከሆነ ወዲህ እነዚህ ንቦች ያጡት ምግብ ብቻ አይደለም፤ ማደሪያም ጭምር ነው።

ውሃ ላስቀምጥላቸው? ትንኝስ?

በበጋ ውሃ ይፈልጋሉ። ጠፍጣፋ ሳህን ውስጥ ጠጠር ሞልተው ጠጠሩ ከውሃው በላይ ብቅ እንዲል አድርገው ያፍስሱ፤ ንብ ጥልቅ ውሃ ላይ ስታርፍ ትሰምጣለች። ውሃውን በየሁለት ቀኑ ደፍተው ይቀይሩ። በድሬዳዋ፣ በአዳማና በሌሎች ሞቃት ከተሞች ለዚህ ቀልድ የለም። በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያ የምትራባው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የወባ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ከተገኘች ወዲህ በምሥራቅና በመካከለኛው አገር ተስፋፍታለች። በየሁለት ቀኑ መቀየር የማይችሉ ከሆነ ሳህኑን አያስቀምጡ።

የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው፤ አራተኛ ፎቅ። ይሆናል?

ይሆናል። ንብ ፎቅ አትፈራም፤ የሚያስቸግራት ነፋሱ ነው። በአንድ ላይ የተጠጋጉ ሦስት አራት ባልዲዎች፣ በሶብላ፣ ጦስኝ፣ ሮዝመሪና ድምብላል ይዘው፣ ፀሐይ በሚያገኘው በረንዳ ላይ ይበቃሉ። አንድ ተክል ለብቻው ቆሞ ንብ ከመጠበቅ አንድ ዓይነቱን ሰብሰብ አድርጎ መትከል ይሻላል፤ ንብ በአንድ ጉዞዋ የምታዘወትረው አንድ ዓይነት አበባን ነው። በረንዳ ላይ ቲማቲምና ቃሪያ እንጂ ዱባ አይሞክሩ።

ልጆች አሉኝ። ንብ መጥራት አደገኛ አይደለም?

አበባ ላይ ያለች ንብ ሥራዋ ላይ ናት፤ ካልተጨበጠች ወይም ካልተረገጠች በቀር አትናደፍም። የምትቆጣው ቤቷ አጠገብ ነው፤ የአገራችን ንብ ደግሞ በቁጣዋ ትታወቃለች። ስለዚህ አበባው ከመግቢያ በርና ልጆች በባዶ እግር ከሚሮጡበት ሣር ራቅ ይበል። ከተናደፈ መናደፊያውን በጥፍርም ቢሆን ወዲያውኑ ማውጣት ነው፤ በዘዴ ለማውጣት ማመንታት መርዙ እንዲገባ ጊዜ መስጠት ነው። ፊት ወይም ጉሮሮ ካበጠ፣ መተንፈስ ካስቸገረ ወይም ራስ ካዞረ በቤት ውስጥ ሕክምና ጊዜ ሳያባክኑ ወደ ሐኪም ቤት ይሂዱ።

ዛፌ ላይ የንብ መንጋ ተንጠልጥሎ አደረ። ላባርረው?

አይንኩት፤ በተለይ ጭስ፣ ድንጋይ ወይም ኬሮሲን አይሞክሩ። ከክረምት መውጫ በኋላ ኅብረ ንብ ሲበዛ አሮጊቷ ንግሥት ከፊሉን ይዛ ትወጣለች፤ አዲስ ቤት እስኪገኝ መንገድ ላይ ያርፋሉ። ሆዳቸው በማር ሞልቷል፤ የሚጠብቁት እጭም ሆነ ማር ስለሌላቸው በዚያ ሰዓት ከወትሮው የተረጋጉ ናቸው። ከጥቂት ሰዓት እስከ ሁለት ቀን ባለው ጊዜ ይሄዳሉ። በቅርብ ንብ አናቢ ካለ ይጥሩት፤ በደስታ በቀፎው ይወስደዋል። ጣሪያዎ ውስጥ ገብቶ ማር መሥራት ከጀመረ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያኔ በራስዎ አይግቡበት።

እኔ ያለሁት አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው። ይህ ሁሉ እዚያም ይሠራል?

አብዛኛው ይሠራል። በሶብላና ድምብላል ሲያብቡ የትም ንብ ይጠራሉ፤ ውርጩ ካለፈ በኋላ፣ በግንቦት ይትከሏቸው። እዚያ ያለው ተጨማሪ ጥቅም ከሰሃራ በስተደቡብ በተፈጥሮ የማትገኘው ባምብልቢ ናት። ወፍራም፣ ጠጉራም፣ በብርድ ጠዋትም የምትወጣ፣ የቲማቲሙን አበባ የማንዘርዘር ሥራ አሳምራ የምትሠራ ንብ ናት። ለእሷና ለአገሬው ነፍሳት ሲባል ከአካባቢው የዱር አበባዎች ጥቂት ይጨምሩ፤ ለሞናርክ ቢራቢሮ ልጆች ምግብ የሚሆነው ሚልክዊድ የተባለው ተክል ብቻ ነው። የሐበሻ ጎመን ዘር ከአገር ቤት በፖስታ ለማስላክ ካሰቡ ግን የዕፅዋት ጤና የምስክር ወረቀት ወይም የማስገቢያ ፈቃድ እንደሚጠየቅ አስቀድመው ይወቁ፤ ያለዚያ እሽጉ ጉምሩክ ላይ ይወረሳል።